የአብርሃሙ ሥላሴ ልጄን መለሰልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ልጄን ከተውክልኝ ሥራህን ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። በአፌ ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ። በጽሑፍ ግን ገና አሁን ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ነው። እኔም ባለቤቴም ተወልደን ያደግነው ጎንደር ነው፤ ልጆቻችን ግን እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ናቸው። እማዬ ታናሿን ልጄን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነበር። የክርስትና ስሟን እንኳን ከሩቅ ሆና ያወጣችላት እሷ ናት፤ ወለተ ሥላሴ። «ሳልሞት ዓይኗን ልየው» ባለች ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ሥራው፣ ብሩ፣ ፈቃዱ ሳይገጥም ዓመት ዓመትን ወለደ። በ2011 ዓ.ም. የልጆቹ የሚያዝያ ዕረፍት፣ ስፕሪንግ ብሬክ የሚሉት፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ዋለ። ትምህርት ቤታቸውን ተጨማሪ ቀን አስፈቅደን ትንሣኤን እማዬ ቤት ልንውል ተነሣን።

አንድ ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። ታናሿ ልጄ ለውዝ አይስማማትም። አይስማማትም ስል ሆዷን ያማታል ማለቴ አይደለም። ትንሽ ከቀመሰች ሰውነቷ ሽፍ ይላል፣ ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ይጠባል፤ ቶሎ ካልተደረሰላት ለሞት የሚያበቃ ነው። ስለዚህ የትም ስንሄድ ኤፒፔን የሚባለው መርፌ ከእጃችን አይለይም። ወፍራም እስክሪብቶ የመሰለ ነገር ነው። ውስጡ አድሬናሊን አለበት፤ የጭኗ ጎን ላይ፣ በልብሷም ላይ ቢሆን፣ ይወጋል። አንዱ ላይበቃ ስለሚችል ሁልጊዜ ሁለት እንይዛለን።

ደግሞ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ወተት የለም። በየካፌውና በየቤቱ የሚጠጣው የለውዝ ሻይ ነው፤ ለውዙ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ከሻዩ ጋር ይፈላና ወተት የገባበት መስሎ ይቀርባል። ለእማዬ አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር ለውዝ የሚባል ነገር ከቤቷ አስወጥታ፣ ሙቀጫውን በፈላ ውኃ አጥባ ነበር የጠበቀችን።

የኒቆዲሞስ ዕለት እሑድ አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ አረፍን። እማዬ መሬቱን ስማ ተነሣች፣ ከዚያ ልጄን አቀፈቻት፣ አልለቅም አለች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ እናት ያለው ያውቀዋል።

ማግስቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 7፣ የሥላሴ ቀን ነበር። እማዬ በደስታ «እንግዶቼን ይዤ ልሳለም» ብላ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰደችን። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ቀን ላይ ነው፤ ሕዝቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይቆያል። ከቅዳሴ በኋላ ውስጥ ገብተን ልጆቹ ጣሪያውን አዩ። ያዩት ሰዎች ያውቁታል፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ከላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ። ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ዞር ዞር አለችና «ማሚ፣ የትም ብሄድ እኔን ነው የሚያዩት» አለች። እማዬ ሰምታ ፈገግ አለች። ግቢው ውስጥ አረፍ ብለን የንቡን ነገር ነገረቻቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲነድዱ፣ ወደዚህች ደብር ሲጠጋ ንብ ወጥቶ አባረረው ይባላል። እማዬ «ይባላል» አትልም። እንዳየ ሰው ነው የምትናገረው።

ወደ ቤት ስንመለስ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ዘመድ ጎረቤቱ «እንኳን ደህና ገባችሁ» እያለ ይገባል። ሁሉም የያዘውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን። እትዬ ፔርሙስ ይዛ መጣች። እትዬ ጎረቤታችን ናት፤ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ሴት ናት። የልጄን ነገር አልሰማችም ነበር። ገጠር ሰንብታ የመጣችው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ልጄ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ቆይታ ጠማኝ ብላ ገባች። እትዬም በፍቅር ከፔርሙሱ ቀዳችላት። እንዳያቃጥላት እፍ እፍ ብላ አቀዝቅዛ፣ በሁለት እጇ ይዛ ነው ያጠጣቻት። እኔ ጓዳ ነበርኩ።

«ማሚ፣ አፌን ይበላኛል» ስትል ነው የወጣሁት። ስኒውን አነሣሁና አሸተትኩ። ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ቦርሳውን ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን መርፌ ወጋናት። አገጯ ሥር፣ አንገቷ ላይ ሽፍታው ሲወጣ ይታየኛል። ከዚያ አስመለሳት። ሳል ጀመራት፣ እንደ ጉንፋን ሳል ሳይሆን ደረቅ፣ የሚያፍን። ቤቱ በጩኸት ተሞላ።

የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ ይነዳል። ባሕር ዳር ነው የሚመላለሰው። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ መሆን ነበረበት። የዚያን ዕለት ግን ሥላሴን ልሳለም ብሎ ተራውን ለጓደኛው ትቶ፣ መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ ቡና እየጠጣ ነበር። ስኒውን ወርውሮ ተነሣ። ልጄን ይዘን ስንገባ እማዬን በበሩ በኩል አየኋት። አልተከተለችንም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ግቢው መሐል ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ሥላሴ አዙራ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤

«የአብርሃሙ ሥላሴ! እንግዳ ሆነህ ከአብርሃም ድንኳን የገባኸው! ዛሬ ቀንህ ነው። እኔም እንግዳ መጥቶልኛል። እንግዳዬን ከቤቴ አታውጣብኝ። ንብ አዝዘህ ቤትህን ያዳንክ፣ የእኔንም ቤት አድንልኝ። ጥላ አስገባለሁ።»

መኪናው ተነሣና ድምፅዋ ቀረ።

መንገድ ላይ ባሰባት። ሁለተኛውንም ወጋናት። እጄን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ መናገር ግን አቃታት። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። የአክስቴ ልጅ ጡሩምባውን ሳይለቅ፣ ጋሪውንም ባጃጁንም እያለፈ፣ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እያለ አደረሰን።

ሆስፒታል ስንደርስ ከእጄ ነጠቋት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አንዲት ደቂቃ አላባከኑም። ኦክስጅን ሰኩላት፤ አድሬናሊን እንደገና ሰጧት፤ ደረቷን የሚከፍት መድኃኒት በጭስ መልክ አስነፈሷት። ወጣቱ ሐኪም ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ። አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ። ፊቱ ተለወጠ። የሚያፏጨው ድምፅ ጠፍቶ ነበር። እኔ ተሻላት ብዬ ነበር የመሰለኝ። እሱ ግን ለነርሷ ቶሎ ቶሎ ማዘዝ ጀመረ። አየር መግባት ሲያቆም ነው ድምፁ የሚጠፋው። እኛን «ውጭ ጠብቁ» አሉን።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ምንም የሚያምር ጸሎት አልመጣልኝም። አባታችን ሆይ ጀመርኩ። «መንግሥትህ ትምጣ» አልኩ። «ፈቃድህ» ካልኩ በኋላ ግን አልወጣ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩትን ነገር መጨረስ አቃተኝ። ፈቃዱ ቢሆንስ? ቢወስዳትስ? ደጋግሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ደጋግሜ እዚያው ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ «በሰማይ እንደሆነች» ሲል ሰማሁት። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሱን ተከትዬ «እንዲሁም በምድር» አልኩ። ስለቴንም ያን ጊዜ ተሳልኩ። ያን ስል ውስጤ ለቀቀ። እንባዬ ያን ጊዜ ነው የወረደው፤ እስከዚያ ድረስ ደረቅ ነበርኩ። ልጄ ትድናለች ብሎ የነገረኝ ድምፅ የለም። ራእይም አላየሁም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ግን አውቄአለሁ፤ ይህንን በልጄ ሕይወት የምምል ነው።

በሩ ተከፈተና ነርሷ «የልጅቷ እናት፣ ነይ እየጠራችሽ ነው» አለችኝ።

እየጠራችኝ ነው! ልብ በሉ፤ ድምፅ አላት ማለት ነው። ጭንብሉ ሥር ሆና፣ ያበጠ ዓይኗን ገልጣ፣ «ማሚ፣ ውኃ» አለችኝ። ሐኪሙ እንደገና አዳመጣት። አሁን አየሩ እስከ ታች ይገባል። ሁለቱ መርፌዎች ቀድመው ባይወጉ፣ መኪናውም ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነገረን። እሱን እዚህ አልደግመውም።

ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል አደርን። አልተመለሰም።

መድኃኒቱ እንጂ ጸሎቱ አይደለም ያዳናት የሚለኝ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ሁለቱን አልነጥላቸውም። እማዬም አልነጠለቻቸውም፤ መጀመሪያ «ውጓት፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብላ የጮኸችው እሷ ናት፣ ከዚያ ነው የተንበረከከችው። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረው ይናገራል። ያ ሹፌር በቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በራችን ላይ ማን አቆመው? ሥላሴን ሊሳለም ባይቀር ኖሮ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ነበር። ይህ ለእኔ አጋጣሚ አይደለም።

ደግሞ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ እናቶች፣ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ መርፌውን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታድርጉት፤ በእጃችሁ ያዙት። በጾም ወራት ሻዩንም ማኪያቶውንም ጠይቁ። ለቤተ ሰቡ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም ለሚመጣ ለሚሄደውም ተናገሩ፤ እኛ አገር ልጅ የሁሉም ነው፣ ሁሉም ያጎርሳል።

በማግስቱ ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ የለችም። ሌሊቱን በሙሉ በራችን ላይ ተቀምጣ እንዳደረች ነገሩኝ። ልጅቷ ዳነች የሚለውን ስትሰማ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። እህል አልቀመሰችም። «በእጄ ልገድላት ነበር» እያለች ታለቅሳለች። ይህ ነገር ከሕመሙ እኩል አስጨነቀኝ። ልጄ ብትድንም እትዬ በዚህ ጸጸት ብትሰበር ደስታችን ምን ደስታ ነው? እማዬ ሄደች። ምን እንደተባባሉ ሁሉንም አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት ይህን ነው፤ «አንቺ ምን አጠፋሽ? ፍቅርሽን ነው ያጠጣሻት። ሥላሴ ልጅቷን የሰጠኝ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ? ለአንቺም ነው። ተነሺ።» ከዚያ ልጄ ሮጣ ገባችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። በተሰባበረ አማርኛዋ «እትዬ፣ አይዞሽ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለቻት። እትዬ ልጄን አቅፋ የተንሰቀሰቀችውን መርሳት አልችልም። የዚያን ዕለት ማታ ሁለቱ አንድ ትሪ ላይ ሽሮ በሉ፤ እትዬ ለራሷ ከመጉረሷ በፊት «ይህ ይስማማታል?» እያለች እያንዳንዱን ትጠይቀኛለች።

ሰሙነ ሕማማቱን ስንሰግድ ሰነበትን። ባለቤቴ ከንዋየ ቅድሳት መሸጫ ጥላውን ገዛ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ዘርፍ የተሠራ። እማዬ ዋጋውን ልክፈል ብላ ተቆጣች። በመጨረሻ ተካፈሉ፤ ስለቱ የእሷ ነውና ያለ እሷ ገንዘብ እንዲገባ አልፈለገችም።

የትንሣኤ ሌሊት ሥላሴ አደርን። ጾሙን በሙሉ ዝም ብሎ የከረመው ከበሮ ተመታ። ልጆቼ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ ጧፋቸውን ይዘው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ካህኑ ጥላውን ተቀብለው «የማን ስለት ነው?» አሉ። እማዬ «የወለተ ሥላሴ» ብላ ልጄን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። ካህኑ በመስቀሉ ባረኳትና ጥላውን ከራሷ በላይ ዘረጉት። እልልታውን የጀመረችው እትዬ ናት። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት።

ለአብርሃሙ ሥላሴ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።