ምንም ሳይሰማኝ የጸለይኩት ጸሎት

ይህን ምስክርነት የምጽፈው መስታወት ፊት ቆሞ «ይሄ እውነት እኔ ነኝ?» ብሎ ራሱን ለጠየቀ ሰው ነው። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ለሆነበት፣ ግን ለማንም ለመናገር ለፈራ። እኔም ፈርቼ ነበር። «አበደች» ይሉኛል ብዬ።

የጀመረኝ ብዙ ነገር በተደራረበብኝ ሰሞን ነው። እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አንድ ቀን ሰው መሃል ተቀምጬ ልቤ በድንገት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ በቃ ልሞት ነው አልኩ። ፓኒክ አታክ እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው። እሱስ ትንሽ ቆይቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ግን በእኔና በዓለም መካከል መስኮት የተዘጋ መሰለኝ። ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። እዚያ ያለሁ ግን አይመስለኝም።

እናቴ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ስታወራኝ ግንባሯ ላይ ያለውን መስመር አያለሁ፣ ስትናገር ቅንድቧን የምታነሳውን ነገር አያለሁ። እናቴ መሆኗን አልተጠራጠርኩም። እሷን ሳይ ሁሌ ደረቴ ውስጥ የሚሰማኝ ሙቀት ነው የጠፋው። ይሄ እንዴት ይነገራል? «እማ፣ አውቅሻለሁ፣ ግን ምንም አይሰማኝም» ተብሎ ለእናት ይነገራል?

ከሁሉ የከበደኝ ጸሎቴ ነው። አፌ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን የምትለው ግን ሌላ ሴት ናት። እጆቼን ዘርግቼ አያቸዋለሁ፤ የእኔ አይመስሉኝም። ድሮ መዝሙር ስሰማ የሚቀድመኝ እንባ ደረቀ። እግዚአብሔር ትቶኛል ብዬ ደመደምኩ። አንዳንዶች «እምነትሽ ጎድሎ ነው» አሉኝ፣ ሌሎች «መንፈስ ነው» አሉኝ። ለእኔ አዝነው እንዳሉት አውቃለሁ። ቢሆንም እለምናችኋለሁ፣ በፍርሃት ለተያዘ ሰው እንዲህ አትበሉት። ያን ቀን ማታ ከበፊቱ የባሰ ፈርቼ ነው ያደርኩት።

በመጨረሻ ጸሎቴ አጭር ሆነ። «ጌታ ሆይ፣ እኔ አልሰማህም፤ አንተ ግን ትሰማኛለህ። ያዘኝ።» ሌሊት ሌሊት ይህንኑ እደግመው ነበር። ደረቅ ጸሎት ነበር። ሰላም የለ፣ እንባ የለ፣ ምንም የለ።

መልሱ በእህቴ በኩል መጣ። የሆንኩትን ሁሉ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «ነይ፣ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

የአእምሮ ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ። እንቅልፌን፣ የምወስደው መድኃኒት ወይም ዕፅ ካለ፣ ራሴን ስቼ እንደማውቅ። ሌላ ሕመም እንዳይሆንም ምርመራ አዘዘልኝ። ከዚያ የሆንኩት ነገር ስም እንዳለው ነገረኝ። ሰው ለራሱ ባዕድ ሲሆንበት ዲፐርሶናላይዜሽን፣ ዙሪያው ሕልም ሕልም ሲለው ደግሞ ዲሪያላይዜሽን ይባላል። ስም እንዳለው ስሰማ ትከሻዬ ወረደ። ከሰው ግማሽ ያህሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ለአፍታ ያየዋል አለኝ። አልለቅ ብሎ የሚቆይባቸው ከ100 ሰው 1 ወይም 2 ናቸው።

«ላብድ ነው?» አልኩት። ይህን ጥያቄ ይዤ ነበር የከረምኩት። «ዙሪያሽ ሕልም እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ስሜቱ ነው እንደዚያ የሚልሽ። ይህን ለይተሽ ማወቅሽ አእምሮሽን እንዳልሳትሽ ያሳያል» አለኝ። ፍርሃት ሲበዛብን አእምሮ ስሜትን ዝቅ አድርጎ ሊከላከልልን ይሞክራል። እኛ ግን ያንን መደንዘዝ ራሱን እንፈራዋለን። ስንፈራው ጭንቀቱ ይጨምራል፣ ጭንቀቱ ሲጨምር መደንዘዙ ይብሳል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ «ዛሬስ አለ?» ብዬ መፈተሼ፣ መስታወት ፊት መመላለሴ፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ ስለ ምልክቱ ሳነብ ማደሬ፣ ሁሉም ፍርሃቱን ይመግበው ነበር። ለዚህ ስሜት ብቻ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ጭንቀቱን ማከም ግን ይቻላል። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከኝና በንግግር ሕክምና ጀመርኩ።

እዚያ የተማርኩት ቀላል ነገር ነው፤ ማድረጉ ግን ቀላል አልነበረም። ስንፈራ ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ያኔ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ማዞሩ፣ የጣት መደንዘዙ፣ ከሁሉ መራቁ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ እጅን ማቆየት። ስሜቱን «ሂድ» ብሎ ሳይታገሉ የያዙትን ሥራ መቀጠል። እኔ ትንፋሹን ከጸሎት ጋር አዋሃድኩት። ሳስገባ «አቤቱ»፣ ሳስወጣ «ማረኝ»። ምንም ባይሰማኝም እለዋለሁ።

በዚያ ሰሞን የቤተ ሳይዳው ዕውር ታሪክ ልቤ ውስጥ ገባ። ጌታ መጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ ነበር ያየው። እኔ የማየውም ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ጌታ ግን አልተቆጣውም፣ እምነትህ ጎደለ አላለውም። እንደገና ዳሰሰው፤ አጥርቶ አየ። ሁለተኛው እስኪመጣ መጠበቅ እንደሚቻል ያኔ ገባኝ።

ቀድሞ የሄደው ፍርሃቱ ነው። መደንዘዙ እያለ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። መጥቶ ሲቀመጥብኝም «እሺ፣ ተቀመጥ» ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ከዚያ አንድ ከሰዓት እህቴ የሆነ ነገር እያወራችኝ ሳቅን፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ ነው ትዝ ያለኝ፤ ጠዋት ስነሳ አልፈተሽኩም። ትናንትም አልፈተሽኩም። እናቴ «ምን ያስቃችኋል?» እያለች ገባች። ቀና ብዬ አየኋትና ያ ሙቀት መጣ። ተነሥቼ አቀፍኳት። «ምን ሆንሽብኝ?» አለች። «መጣሁ፣ እማ» አልኳት። ያን ዕለት ማታ ስጸልይ እንባዬ ተመለሰ። ስሙ ይባረክ!

«ታዲያ ያዳነሽ ሐኪሙ ነው ወይስ እግዚአብሔር?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም። እህቴን ያስነሣልኝ፣ ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠው ያ ሌሊት ሌሊት የለመንኩት አምላክ ነው። እዚያ ውስጥ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፣ ጸሎታችሁ ደረቀ ብላችሁ አታቋርጡ። ሐኪም ማየትንም አትፍሩ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ አትደሩበት፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አሁንም እንቅልፍ ሳጣ ወይም ሐሳብ ሲበዛብኝ ብቅ ይላል። ባለፈው ሰሞንም ስብሰባ ላይ መጣ። የራሴ ድምፅ ራቀብኝ። ትንፋሼን ቀስ አድርጌ አስወጣሁና የጀመርኩትን ንግግር ጨረስኩ። ማታ ለእህቴ ስነግራት «መቼ ሄደ?» አለችኝ። አላየሁትም።