በረዶው ስንት ሴንቲ ነው?

ሐይቅ ላይ መኪና አቁሞ አሳ የሚያጠምድ ታናሽ ወንድም አለኝ። የሚኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ቪዲዮ ላከልን። ነጭ ሜዳ፣ እዚህም እዚያም የተቀመጡ ትናንሽ ቤቶች፣ አጠገባቸው ፒክአፕ መኪና። እናታችን ሜዳ መስሏት ዝም ብላ ስታይ ቆየች። በረዶ የሆነ ሐይቅ መሆኑን ስትሰማ ስልኩን ሶፋው ላይ ጣል አድርጋ «ኧረ በማርያም! ልጄን ምን አስነኩብኝ!» አለች።

እኔ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ጋ ጀልባ ነው የምነዳው። ሙሽራ፣ ቱሪስት፣ ቅዳሜና እሁድ ፈታ ሊል የመጣ የአዲስ አበባ ሰው ጭኜ ጉማሬ አሳያለሁ። ወንድሜም ልጅነቱን የጨረሰው አሞራ ገደል፣ ከአሳ አጥማጆች እግር ሥር ነው። ስለዚህ «ለምን ገባህ?» አላልኩትም። «እንዴት ነው የምትገባው?» አልኩት። ይሄን ጊዜ ወሬው አላልቅ አለ። ከነገረኝ የሚጠቅመውን እዚህ አስቀምጣለሁ። ከሐዋሳ ዲቪ ደርሶት የሄደ ሰው ብዙ ነው፤ የሥራ ባልደረባ «ና፣ ቅዳሜ አሳ እናጥምድ» ሲለው ሳይጠይቅ ተከትሎ የሚረግጥም አይጠፋም።

መጀመሪያ የከነከነኝ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ከረጋ አሳው የት ይኖራል የሚለው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ብርድ ሲጀምር ላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፤ ከታች ያለው ደግሞ ይወጣል። ሁሉም 4 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ግን ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ውሃ ይቀልላል። ላይ ቀርቶ በረዶ የሚሆነው እሱ ነው። አሳው ከሥር እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ሰውየው የቆመው እንግዲህ ክዳን ላይ ነው። ጥያቄው የክዳኑ ውፍረት ነው።

በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይፈለጋል። ለትንሽ መኪና ከ23 እስከ 25፣ ለፒክአፕ 33 ገደማ። ይህን የሚያወጣው የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ነው። ያው መሥሪያ ቤት ግን «መቶ በመቶ አስተማማኝ በረዶ የሚባል የለም» ብሎ ይጨምርበታል። ቁጥሩም የሚሠራው ጥርት ላለ አዲስ በረዶ ነው። ስኖው፣ ማለትም ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ፣ ረጥቦ መልሶ የረጋው ነጭ በረዶ ጉልበቱ የዚህ ግማሽ ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ስኖው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሐይቁን ሸፍኖ ብርዱን ይከለክልለትና ከሥሩ ያለው በረዶ ሳይወፍር ይቀራል። ላዩ ሲታይ ግን ከሁሉም የጠነከረ ይመስላል።

ወንድሜ የሚገባው ድጅኖ ይዞ ነው። ጉድጓድ የምንቆፍርበት ዓይነት ድጅኖ። ከፊቱ በኃይል ይመታል፣ ይራመዳል፣ ደግሞ ይመታል። በአንድ ምት ከበሳ ቀስ ብሎ በመጣበት ዱካ ይመለሳል። ራቅ ብሎ ሲገባ ደግሞ በመሰርሰሪያ ይበሳል። አንዱን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መሰርሰሪያው ሲዞር የበረዶ ፍቅፋቂ በዙሪያው ይከመራል። ድንገት ድምፁ ይለወጥና ውሃ ቡልቅ ይላል። ወንድሜ ተንበርክኮ ሜትሩን ይሰዳል፤ የሜትሩን ጫፍ ከበረዶው ሥር ያነካካና በአውራ ጣቱ ይይዛል። 18 ሴንቲ። «በቃ፣ ቁጭ በላ!» ስለው ሳቀ። ቢያንስ በየ45 ሜትሩ መለካት አለበት። አንዱ ጋ 18 የሆነው ትንሽ አለፍ ሲል 8 ሊሆን ይችላላ።

ይህ አልገረመኝም። እኛም ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ሐይቁ ሌላ ጠባይ እንዳለው እናውቃለን። እዚያም ወንዝ የሚገባበት፣ ምንጭ ከሥር የሚፈልቅበት፣ ድልድይ ሥር፣ ሸምበቆና የሰመጠ ግንድ ያለበት ቦታ ይሳሳል። የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ መግባት እዚህም እዚያም ሞኝነት ነው።

የገረመኝስ ንፋሱ ነው። ሐዋሳ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ከምሳ በኋላ ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባ ያንገላታል። ደንበኛ «አንዴ ብቻ እንዙር» እያለ ሲለምነኝ እንኳን ዓይኔን አላሽም፣ ወደ ዳር ነው። በረዶ ከሸፈነው ግን ንፋስ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ለካ በረዶውን ገፍቶ ከዳር ሊያላቅቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኖቬምበር መጨረሻ፣ በኛ ህዳር 2015 መሆኑ ነው፣ ሰሜን ሚኒሶታ አፐር ሬድ ሌክ የሚባለው ሐይቅ ላይ ትልቅ በረዶ ከዳር ተላቀቀ። ወደ 200 የሚጠጉ አጥማጆች ላዩ ላይ ነበሩ። ከነሱና ከዳሩ መካከል ውሃ ገባ። ደግነቱ ሁሉም በደህና ወጡ። የገና ሰሞን እንኳን ሳይደርስ፣ ገና የወቅቱ መጀመሪያ ላይ መሆኑን ልብ አድርጉልኝ።

በረዶው ከከዳስ? ካናዳዊው ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ያስለመደው አንድ፣ አሥር፣ አንድ የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽህን የምታረጋጋበት ነው፤ ቅዝቃዜው ሳትፈልግ ያስተነፍስሃል፣ ውሃ የሚያስውጥህም እሱ ነው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግርህ ይታዘዝሃል። ራስህን እስክትስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለህ። ብዙ ሰው የሚሞተው በብርዱ ራሱን ከመሳቱ በፊት ውሃ ውጦ ነው።

ስለዚህ ትንፋሽ ሲመለስ ፊትህን ወደመጣህበት አዙር፤ ያ በረዶ ቀድሞ ተሸክሞሃል። ልብስህን አታውልቅ፣ ውስጡ የታሰረው አየር ይይዝሃል። ክንድህን በረዶው ላይ ዘርግተህ እግርህን እንደ ዋናተኛ አራግብ። ስትወጣ እንዳትቆም! ተንከባልለህ ራቅ። በረዶው ያሟልጫል፤ በባዶ እጅ የሚጨበጥ ነገር የለም። ለዚህ ወንድሜ ከመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ ሁለት አጫጭር እጀታ ሠርቷል። በእያንዳንዱ ጫፍ ሚስማር ተክሎ፣ ጫፉን ሞርዶ፣ በገመድ አያይዞ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ዋጋ የለውም። ጓደኛ የገባበት ሰው ደግሞ ሮጦ ወደ ቀዳዳው አይሂድ፤ 911 ደውሎ፣ ራቅ ብሎ ተኝቶ ገመድ ይወርውር።

ላይፍ ጃኬትም ይለብሳል፣ ከካፖርቱ በላይ። መኪና ውስጥ ሲሆን ብቻ ያወልቃል፤ መኪናው ቢሰምጥ በመስኮት መውጣት ስለሚከለክል። ያኔ ቀበቶ ተፈትቶ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚነዳው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግን ላይፍ ጃኬቱን ፎቶ ያበላሽብኛል ብሎ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ጃኬቱ ተለብሶ እስኪታሰር ሞተር አላስነሳም። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

አጥማጆቹ በረዶው ላይ በሚያቆሟቸው ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ያለውን አደጋ ግን ለኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ከውጭ ብርድ ነው፣ ከውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ይነዳል፣ በሩ ይዘጋል። ከሰል ያለበት ቤት ዘግቶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ታሪክ ያልሰማ አለ? ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። አየር ማስገቢያ ክፍት መሆን አለበት። በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያም ይሸጣል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወደ ውጭ ነው።

መጋቢት አካባቢ ደግሞ የሴንቲው ሒሳብ ይበላሻል። ፀሐይ ሲበረታ በረዶው ውፍረቱ ሳይቀንስ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ቀጥ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ይለያያል። 40 ሴንቲ ለክተህም ሊከዳህ ይችላል። ጠዋት ዳሩ ላይ ተራምደህ የገባህበት ከሰዓት ውሃ ሆኖ ይጠብቅሃል። ወንድሜ የዚያን ሰሞን ጓደኞቹ ቢጠሩትም አይሄድም፤ እነሱ ግን አሁንም እየደወሉ ነው።