ዩናይትድ ስቴትስ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ

ከሌሊት ሥራ ስመለስ ነው ፖሊስ የያዘኝ። ቤቴ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ሥራዬ ሜሪላንድ፣ ቤተዝዳ፤ አንዲት የ92 ዓመት ሴትዮ ዘንድ እያደርኩ እንከባከባቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወንዙን ተከትዬ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ እመለሳለሁ። ዛፍ ብቻ ነው፤ የጭነት መኪና አይገባበትም፣ ማስታወቂያ የለበትም። ያን ቀን ከተፈቀደው ፍጥነት በ15 ማይል በልጬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በዚህ አልከራከርም።

ፖሊሱ በትህትና ወረቀቱን ሰጥቶኝ ሄደ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሳነበው፣ አናቱ ላይ የቨርጂኒያ ስም የለም። የዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይላል። ለእህቴ ደወልኩ፣ ስልኩን ባሏ አነሳው።

«ፌዴራል? ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

ያኔ የዜግነት ማመልከቻዬ ገብቶ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነበር። ቀጠሮ ለሚጠብቅ ሰው «ፌዴራል» የምትለዋ ቃል ሆድ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ያለፈበት ያውቀዋል። የባሰው ደግሞ ያኔ የነበሩትን የፈተናውን 100 ጥያቄዎች እየሸመደድኩ መሆኔ ነው። አንዱ ጥያቄ ከስቴቶች ሥልጣን አንዱን ጥቀሺ ይላል። ትክክል ከሚባሉት መልሶች አንዱ መንጃ ፈቃድ መስጠት ነው። ሌላው የመሬት አጠቃቀምን ማጽደቅ። መንጃ ፈቃዴን የሰጠችኝ ቨርጂኒያ ናት፤ መንገዱም ያለው ቨርጂኒያ መሬት ላይ ነው። ታዲያ የፌዴራል መንግሥቱ በምን ገባ?

ሴትዮዋ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ አይተኙም፣ እኔም ከሳቸው ጋር እነቃለሁ። ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1፣ ክፍል 8፣ 17ኛው ሐረግ ላይ ነው። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ ስቴቶች ለቀው የሚሰጡት፣ ኮንግረስ የሚቀበለውና ስፋቱ አሥር ማይል በአሥር ማይል የማይበልጥ ቦታ የመንግሥት መቀመጫ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የስቴቱ ምክር ቤት ፈቅዶ በተገዛ መሬት ላይ ለምሽግ፣ ለመሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ለመርከብ መሥሪያና ለሌላም አስፈላጊ ሕንፃ በሚሆነው ቦታ ሁሉ ኮንግረስ ያው ሥልጣን ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ፤ እኔም ተምታቶብኝ ነበር። መሬቱ የፌዴራል መሆኑና ዳኝነቱ የፌዴራል መሆኑ አንድ አይደለም። ኔቫዳ ውስጥ ከመሬቱ 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት ንብረት ነው። እዚያ ያለው አብዛኛው መሬት ላይ ግን የኔቫዳ ሕግ እንደወትሮው ይሠራል፣ ፌዴራሉ ባለንብረት ነው እንጂ ስቴቱን ተክቶ አይዳኝም። አባቴ ይህን ቢሰማ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው ነበር፦ «ርስትና ጉልት ነዋ!» ርስት መሬቱ፤ ጉልት በመሬቱ ላይ ባለው ሰው ግብር መብላቱና መዳኘቱ። በሕግ ቋንቋ አሥር ገጽ ከሚያነቡት ይልቅ ሁለቱ ቃላት ይበልጣሉ።

እንግዲህ ስቴት ለፌዴራል መሬት ሲሸጥ ጉልቱን ጨምሮ ሊያስረክብ ይችላል፣ ላያስረክብም ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካስረከበ ብቸኛ ሥልጣን ይባላል፤ ሁለቱም አብረው የሚዳኙበት ከሆነ ጣምራ። መሃል ላይ ደግሞ «ይህን ውሰዱ፣ ይህችን ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ» የሚባልበት አለ። የዚህ የመጨረሻው ታሪክ አስቆኛል። ካንሳስ በ1861 ስቴት ስትሆን፣ ፎርት ሌቨንዎርዝ የሚባለው የጦር ሰፈር ውስጧ ነበር። ኮንግረስ ግን ሰፈሩ ላይ ያለውን ሥልጣን ለራሱ ማስቀረቱን ረሳው። የጦር ሰፈሩን የሚያህል ነገር! ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ ካንሳስ ሥልጣኑን አስረከበች፣ ነገር ግን ሰፈሩ ውስጥ የሚያልፈውን የባቡር ኩባንያ ግብር የማስከፈል መብቴ ይጠበቅልኝ አለች። ባቡሩ ግብሩን ከፍሎ ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ፤ በ1885 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለካንሳስ ፈረደ። የሚሰጥ ሰው ከስጦታው ላይ ቆንጥሮ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው።

ተቀባዩም «ተቀብያለሁ» ማለት አለበት። ከ1940 ወዲህ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ፌዴራሉ መሬቱን ቢይዝም፣ ሥልጣኑን መቀበሉን ለስቴቱ በይፋ ካላስታወቀ ሥልጣን እንዳልያዘ ይቆጠራል። በሉዊዚያና ካምፕ ክሌይቦርን በሚባል የጦር ካምፕ ሦስት ወታደሮች በአስገድዶ መድፈር ተከሰው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሞት ፈርዶባቸው ነበር። በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አልነበረውም አለ። ምክንያቱ ለአገረ ገዢው መድረስ የነበረበት የመቀበያ ማስታወቂያ አለመላኩ ነው። የሰው ነፍስ የተንጠለጠለችው በአንዲት ደብዳቤ ላይ ነበር። ይህን ሳነብ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ሴትዮዋ «ምን አየሽ?» አሉኝ፣ ፊቴን አይተው።

ከምሠራበት ቤት ብዙ ሳይርቅ ትልቁ የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩቶች ግቢ አለ። ሜሪላንድ በ1953 የግቢውን ብቸኛ ሥልጣን ለፌዴራል አስረክባ ነበር። ግቢው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የስቴት ገቢ ግብር ይከፍላሉ፣ መኪናቸው በሜሪላንድ ተመዝግቧል፣ ልጆቻቸው የሜሪላንድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በ1968 የካውንቲው የመራጮች መዝጋቢ ቦርድ «እናንተ የሜሪላንድ ነዋሪ አይደላችሁም» ብሎ ምርጫ ከለከላቸው። ግብር ሲሆን ሜሪላንድ፣ ድምፅ ሲሆን ሌላ አገር! በ1970 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለአንድ ልዩነት ለነዋሪዎቹ ፈረደ፤ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ናቸው። ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ እኔን የሚቆጠቁጠኝ ይኸው ነው። መሬት ሲተላለፍ ሁለት መንግሥታት ተደራድረው ይፈራረማሉ፤ ላዩ ላይ የሚኖረው ሰው ከርክክቡ ወረቀት ላይ እንደ ዛፍ ነው የሚቆጠረው።

የኔ ቲኬትማ ከዚህ ሁሉ አንጻር ተራ ነገር ሆነች። ፓርክዌዩ የፌዴራል ይዞታ ነው፤ ደንቡም የፌዴራል ነው፤ ደንቡ ዝም ባለበት ደግሞ የቨርጂኒያን የትራፊክ ሕግ ይዋሳል። መዋሱ አዲስ አይደለም፤ ከ1825 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት በራሱ ቦታዎች ላይ ያልደነገገውን ወንጀል ከስቴቱ ሕግ እየተዋሰ ይቀጣል።

በፖስታ ከፍዬ መገላገል እችል ነበር። ግን ዜግነቱን ፈርቼ ቀረብኩ። ችሎቱ ሙሉ ነበር፦ ነርስ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኮት የለበሰ ሰውዬ፣ ሁሉም እንደኔ የፓርክዌይ። ጸሐፊዋ በየተራ ትጠራለች፦ ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ በእገሌ ላይ። ተራዬ ሲደርስ ያን የሚያህል አገር በአንድ በኩል፣ የአባቴ ስም ተኮላትፎ በሌላ በኩል። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ዳኛው ግን ቀና ብለው አይተውኝ «ለሥራ ነው?» አሉኝ፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ቅጣቱን ከ30 ዶላር ማስኬጃው ጋር ከፈልኩ። በኋላ በዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይ ወረቀቱን አውጥቼ አሳየሁ፤ ጠያቂዋ ግልብጥ አድርጋ አየችውና ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ከዚያ ወዲህ ግን ድንበር የማየት አባዜ ያዘኝ። እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ላይ፣ የአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ውስጥ በብረት አጥር የታጠረ አጭር ድንጋይ አለ። ስንት ዓመት አልፌዋለሁ፤ የመቃብር ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። በ1791 እና 1792 አንድሩ ኤሊኮት የሚባል ቀያሽ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ በዋና ከተማው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በየማይሉ ካስተከላቸው 40 ድንጋዮች አንዱ ነው። ሥራው ሲጀመር ጥቁሩ የሥነ ፈለክ አዋቂ ቤንጃሚን ባኔከርም አብሮ ነበር። ድንጋዮቹ ሲተከሉ በአንዱ ፊታቸው የስቴቱ ስም፣ በወዲያኛው «የዩናይትድ ስቴትስ የዳኝነት ክልል» የሚል ነበር የተቀረጸባቸው። አሌክሳንድሪያ ያኔ ዲሲ ነበረች፤ ቨርጂኒያ ለዋና ከተማው ከሰጠችው ላይ።

እሁድ እህቴን ይዣት ሄድኩ። እሷ የምትኖረው ዲሲ ነው። የዜግነት ፈተናዋ ላይ «የስቴትሽ ሴናተር ማነው?» ተብላ «የለኝም» ስትል ትክክል ተብሎ ያለፈችው እሷ ናት፤ ለዲሲ ነዋሪ መልሱ እሱ ነው። በአጥሩ መሃል የስልኬን መብራት አስገብተን አየን። ፊደሉን ዝናቡ በልቶታል፤ እኔ ምን እንደሚል አስቀድሜ ስለማውቅ አነበብኩ መሰለኝ።

ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብለን እንደቆምን ነገርኳት። የ1801 ሕግ ዲሲን በኮንግረስ ሥር ሲያደርግ የአሌክሳንድሪያም ሰው ለኮንግረስ የሚመርጥበትን ድምፅ አጣ። በ1846 ግን ኮንግረስ ወደ ቨርጂኒያ መመለስ የሚያስችል ሕግ አወጣ፣ ሕዝቡም ድምፅ ሰጠ፦ 763 ለመመለስ፣ 222 ለመቅረት። «ሕዝቡ» ስል ነጭ ወንዶች ማለቴ ነው። ምክንያቱ ሁሉ ንጹሕ አልነበረም። ለጀልባ ማለፊያ ካስቆፈሩት ቦይ የመጣ ዕዳ ነበረባቸው፣ ኮንግረስ ረስቶናል የሚል ቅሬታም ነበር፤ ግን ዱክ ስትሪት ላይ፣ ዛሬ ሙዚየም በሆነው ቤት፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ኮንግረስ አንድ ቀን የባሪያ ንግድን በዲሲ ይከለክላል የሚል ስጋትም ከሚያጣድፉት አንዱ ነበር። በ1850 እውነትም ከለከለ፤ አሌክሳንድሪያ ግን ያን ጊዜ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሳለች። ኋላ አንድ ግብር ከፋይ «መመለሱ ሕጋዊ አይደለም፣ ለቨርጂኒያ የከፈልኩት ግብር ይመለስልኝ» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ በ1875 ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ ልታነሳ አትችልም ብሎ ሸኘው፣ ዋናውን ነገር ሳይነካ።

እህቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ቀጥሎ ወደ መኪናዋ ዞረች። የዲሲ ሰሌዳዋ ላይ ያለ ውክልና ግብር መክፈልን የሚቃወመው ጽሑፍ አለ።

«763 ሰው?» አለችኝ። «የኛ እድር ብቻ ስንት ነው?»