ዘጠና አራት የቻለ ሚዛን

"ዘጠና አራት!"

ልጁ ይህን ሲጮህ መንገዱ ሁሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ። ጸጥ አላለም እርግጥ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ ዶሮ ተዘቅዝቃ ትጮሃለች፣ ባጃጅ ይጮሃል፣ ቄጤማ የተሸከመች ልጅ ያገኘችውን ሁሉ እያረጠበች ታልፋለች። ግን ይኸው ጥቅምት ገባ፣ ማታ ጋደም ባልኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ያ ድምፅ ብቻ ነው። ደግሞ "ዘጠና" የምትለዋን ይስባታል። ጎጃም አይደል፣ ሚዛን የያዘውም ልጅ ዜማ አያጣም።

ጥፋቱ የሥልጠናው ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን መሥሪያ ቤታችን ስለ ግብ አወጣጥ ሥልጠና ሰጠን። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ፣ እኛም ሕይወት እንዳለን ትዝ ያለው ጳጉሜን ላይ ነው። አሠልጣኙ ግብ ስማርት መሆን አለበት አለን፤ አምስቱ የእንግሊዝኛ ፊደሎች እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ይዘዋል። ውስን፣ የሚለካ፣ ሊደረስበት የሚችል፣ ምናምን፣ በጊዜ የተገደበ። ወረቀት ታደለ፣ እኔም "በ2018 ክብደት እቀንሳለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ከሃያ ምናምን ሰው መርጦ የኔን አነበበው።

"ስንት ኪሎ?"

"ዐሥር" አልኩ።

"እስከ መቼ?"

"እስከ መስቀል።" በዐሥራ ሰባት ቀን መሆኑ ነው። ማንም አልሳቀም፣ አሠልጣኙ እንዲያውም "ጎበዝ" አለኝ።

"ከስንት ኪሎ ተነስተህ?"

ዝም። እኔ እንጃ። ከተመዘንኩ ቆየሁ። "አያችሁ፣ ካልተለካ ግብ አይደለም፣ ምኞት ነው" ብሎ ለሰው ሁሉ ምሳሌ አደረገኝ።

ይህን ስማርት የሚባለውን ነገር በፈረንጆቹ 1981 ጆርጅ ዶራን የሚባል ሰው ነው በአንድ የማኔጅመንት መጽሔት ላይ የጻፈው። ቤት ገብቼ ሳየው፣ ሦስተኛዋ ፊደል መጀመሪያ "ሊደረስበት የሚችል" ማለት አልነበረችም። "ለማን እንደተሰጠ የታወቀ" ማለት ነበረች። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ዐሥሩን ኪሎ ለሚስቴ ወንድም እመድብለት ነበር። ሥራ የለውም፣ ጊዜ አለው።

በማግስቱ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ነው እንግዲህ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከባጃጆቹ ተራ ጎን፣ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁልጊዜ "ጋሼ፣ ይመዘኑ!" ይለኛል፣ እኔም ሁልጊዜ "ነገ" እለዋለሁ። ያን ቀን ቆምኩለት። ደነገጠ። ከነጫማዬ ወጣሁበት።

"ዘጠና አምስት!"

"ቀስ በል እንጂ አንተ! በልብህ አንብበው።"

"ሚዛን በልብ አይነበብም ጋሼ።"

ጫማዬ ነው ብዬ አሰብኩ። ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ጭቃው ብቻውን ስንት ይሆናል። አወለቅሁት። የግራ ካልሲዬን ነገር ባልናገር ደስ ይለኛል፤ አውራ ጣቴ ብቅ ብሎ ላላፊ አግዳሚው እንኳን አደረሳችሁ እያለ ነበር። ጃኬቴን አወለቅሁ። ስልኬን ሰጠሁት፣ ቁልፌን ሰጠሁት፣ የኪስ ቦርሳዬንም ሰጠሁት፤ እሱ እንኳ በበዓል ሰሞን የሚመዝን ነገር አልነበረበትም። የባጃጅ ሾፌሮቹ አንድ በአንድ እየወረዱ ዙሪያችን ቆሙ። አንዱ "ቀበቶውንም! ቀበቶውንም!" ይላል። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ቀበቶዬ ላይ ደርሶ ነበር።

ያ ድምፅ የወጣው ከዚያ ነው። ዘጠናኣኣ አራት! በሦስት ደቂቃ አንድ ሙሉ ኪሎ ቀንሻለሁ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውጤት አስመዝግቤ አላውቅም፣ ያጨበጨበልኝ ሰው ግን የለም።

ይባስ ብሎ ዶሮ ያንጠለጠሉ አንዲት እናት ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው መጡና "እስቲ ልጄ፣ ይቺንም መዝንልኝ፣ ላባ ብቻ ሸጦልኝ እንዳይሆን" አሉ። እኔ ገና ጫማዬን አላሰርኩም። ዶሮዋ እኔ በወረድኩበት ሚዛን ላይ ተቀመጠች። "ሁለት!" አለ ልጁ። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ትምህርት ቤት እያለ ሒሳብ ላይ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበር አላውቅም፣ እዚያው ቆሞ አካፈለኝ። "ጋሼ አርባ ሰባት ዶሮ ናቸው!"

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዲት ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ይወጣታል። አርባ ሰባት ዶሮ ሲባዛ በዐሥራ ሁለት፣ 564 የዶሮ ብልት። በስልኬ ነው ያሰላሁት፣ ሁለት ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ እንቁላል ቢወጣ ብዬ ጀምሬ ሚስቴ ነቃችና ተውኩት። እሷማ ቤት ሳልደርስ ሰምታ ነው የጠበቀችኝ። ከገበያ ያመጣት ባጃጅ ነግሯታል። "ዘጠና አራት ነህ አሉ" ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ጎረቤታችን ነርስ ናት። ዐሥር ኪሎ እስከ መስቀል ስላት ሳቀችና፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ከቀነስክ ደህና ነው አለችኝ። በግማሽ ኪሎው ሃያ ሳምንት ነው። ስቆጥረው ጥር 21 ላይ አረፈ። ገናን አልፎ፣ ጥምቀትን አልፎ፣ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው። ይሁን አልኩ። ዘመኑም ማርቆስ፣ ከተማውም ማርቆስ፣ ይህ ዓመት የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው።

መስከረም 1 ንጋት ላይ ልሮጥ ወጣሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ነው፤ ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ጋ ስደርስ ሁሉም ሜትር ተሰማኝ። ተመለስኩ።

ከዚያ በዓሉ መጣ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። አራት ቤት ሄድኩ፣ አራቱም ቤት "ነገ ዓርብ ነው፣ ዛሬ ብላ!" ነው የሚባለው። ዓርብ ሲመጣ ዶሮው የሚሰደድ ይመስል። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ። ጉርሻ ደግሞ አንድ አይሆንም፣ አንድ ያጣላል ይባላል። በየትኛው ግብ ነው የሰው እናት እጇን ዘርግታ የምትመልሳት? ዶራን ዶሮን አላሰባትም።

ይህ ሁሉ ይቅር ብዬ እችለው ነበር። የባጃጆቹን ግን አልችልም። ካልጠፋ ስም "ጋሼ ዘጠና አራት" ብለው አወጡልኝ። አክብሮቱም አልቀረ። ባለፈው አንዱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፣ "ጋሼ፣ ጎማው እኮ ነው" ብሎ። ቆይ፣ ታሪፉ በሰው ነው የወጣው ወይስ በኪሎ? በኪሎ ከሆነማ ሚስቴ በግማሽ ትሂድ፣ ልጄን በነፃ አድርሱልኝ። ያን ዕለት ከኋላ ሦስት ነን፣ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ሕግ የማያውቀው አራተኛ ሰው አለ፣ ከእግራችን ሥር አንድ በግ ተጋድሟል። በጉ አልከፈለም። በጉ እኮ ከዚያች ከዋዜማዋ ዶሮ ስንት እጥፍ ነው! የጎማው ጉዳት ግን የኔ ብቻ ሆነ። ከፈልኩ። ለምን እንደከፈልኩ እስካሁን አልገባኝም።

ለመስቀል እናቴ ከደንበጫ መጣች። ገና ከአውቶቡሱ ሳትወርድ "ምነው ልጄ፣ ከሳህ!" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልፈልግም። ዕቃዋን ይዤ ቁልቁል ስንወርድ ያ ድምፅ መጣ።

"ዘጠናኣኣ አራት የቻለ ሚዛን! ይመዘኑ! ዘጠና አራት የቻለ ሚዛን!"

ማስታወቂያ አድርጎኛል። እንደ ሲሚንቶ። ደግሞ ሠርቶለታል፣ ሦስት ሰው ተሰልፏል።

እናቴ "ምንድን ነው የሚለው?" አለች። ልሸሽ ነበር፣ ልጁ ቀደመኝ። "እማማ፣ እርሳቸው እኮ ናቸው!" ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ቆየች። ከዚያ ፊቷ በራ። "እሰይ! አባትህ ይህን ሳያይ! እሱ ዕድሜውን ሙሉ ስልሳ አላለፈም። እስቲ እኔ ባለሁበት ይመዘን።" የእናት ነገር ነው፣ ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ጫማዬንም አላወለቅሁም፣ ሰው ስንት ጊዜ ይዋረዳል።

"ዘጠና ስድስት!"

እናቴ እልል አለች። መንገድ ላይ። መናኸሪያ አጠገብ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ፣ ለሠርግ እንደሚነፉት ነው የነፉት። ለልጁ ከአገልግሏ ጭብጥ ሙሉ ዳቦ ቆሎ ሰጠችው።

ማታ የሥልጠናውን ወረቀት አወጣሁና ግቤን ሰረዝኩ። አዲስ ጻፍኩ፦ "እስከ ጥር 21 ድረስ በዚያ መንገድ አላልፍም።" ውስን ነው፣ ይለካል፣ ይደረስበታል፣ ቀን አለው። ለማን እንደተሰጠም የታወቀ ነው። በላይኛው መንገድ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ፣ ሩብ ሰዓት ይጨምርብኛል፣ ዳገት ነው፣ ግን ሰላም ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አላጎደልኩም። እንዲህ የጠበቅሁት ግብ ኖሮኝ አያውቅም።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ስወጣ፣ የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ፣ ከዘበኛው ወንበር ጎን፣ ልጁ ሚዛኑን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"ጋሼ! ጠፉብኝ እኮ!"

ዘበኛው ወንበሩን ጠጋ አደረገ።