የትምህርት ቤት ፕሮፖዛል ስገመግም ከበጀቱ የምጀምርበት ምክንያት

ለትምህርት ቤቶች አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ለሚሰጥ ድርጅት ፕሮፖዛል እገመግማለሁ። አመልካቾቹ በአብዛኛው ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን አካባቢ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ በተቀበለ ቁጥር ክፍላቸው የሚጨናነቅ ትምህርት ቤቶች።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ቀላል ነው፦ ማኅተም፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ መግቢያውን አልፌ በቀጥታ ወደ በጀት ሠንጠረዡ እሄዳለሁ። ያማረ መግቢያ በክፍያ ሊያስጽፉት ይችላሉ፤ የበጀት ዝርዝር ግን ትምህርት ቤቱን የሚያውቅ ሰው ካልሠራው ያስታውቃል።

አንድ ዙር ላይ ሁለት ማመልከቻዎች ተከታትለው ደረሱኝ። አንደኛው ስለ አቅም ግንባታ በጥሩ ቋንቋ ያትታል፤ ሠንጠረዡ ሲታይ ግን አብዛኛው ገንዘብ ለአዳራሽ ኪራይና ለውሎ አበል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ አበሉ «ሥልጠና» በሚል ርዕስ ሥር ሲገባ ግን ከጣሪያው በታች ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ገምጋሚ የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ፊደሉ የተዛነፈ፣ አጭር ጽሑፍ ነበር። የጠየቀው ባለ 5000 ሊትር ሮቶ፣ የብረት ማቆሚያ፣ ሲሚንቶ፣ ቧንቧና የቧንቧ መቆለፊያ ነው፤ ለየዕቃው ፕሮፎርማ ተያይዟል። ከሥሩም፣ ውሃ በማይመጣበት ቀን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሴት ልጆች ከዕረፍት በኋላ ወደ ክፍል እንደማይመለሱ ይገልጻል። የቀሪ መቆጣጠሪያው ቅጂም አብሮት አለ። ከፍተኛውን ነጥብ ለእርሱ ሰጠሁ።

ባልደረባዬ ግን በአቀራረቡ ምክንያት ዝቅ አድርጎት ነበር። እያንዳንዱ ገምጋሚ አስቀድሞ ለብቻው ከነምክንያቱ ነጥብ ይስጥ ብዬ አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው። ውይይት ከቀደመ አንጋፋው የተናገረው ይጸናል፣ ደካማ አማርኛ የጻፈው ትምህርት ቤትም ይወድቃል። ነጥባችን በጣም ሲራራቅ አማካይ አንወስድም፤ ሦስተኛ ሰው ያነባል፣ ከዚያም ቦታው ድረስ ሄደን እናያለን። በአመልካቹ ትምህርት ቤት ዘመድ ያለው ገምጋሚ ከስብሰባው ይወጣል።

ርዕሰ መምህራን ሆይ፣ ማመልከቻችሁ ካልተመረጠ የየመመዘኛውን ነጥብና ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ዙር ከማንኛውም ሥልጠና ይልቅ እርሱ ይጠቅማችኋል።