ቢራ ከመጥመቄ በፊት አንድ ዓመት የሰው ቢራ ቀመስኩ

እናታችን ደብረ ብርሃን ላይ ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ልከፍት ነው ብዬ ስደውልላት አልገረማትም። «የሰፈሩን ሰው ጠላ ቀምሰሃል?» ብቻ አለችኝ። እኔ ያን ሰሞን የማይዝግ ብረት ጋን ዋጋ ሳጠያይቅ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ገንዘቤን ባለበት ተውኩትና መቅመስ ጀመርኩ።

ልጠምቅ ያሰብኩት ሪል ኤል የሚባለውን የእንግሊዝ ቢራ ነው። ከመጥመቂያው ሲወጣ እርሾው አልሞተም። በርሜሉ ውስጥ እንዳለ፣ መጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ተቀምጦ ነው መፍላቱን የሚጨርሰው፤ ከዚያ በጋዝ ሳይገፋ በእጅ ፓምፕ ተስቦ ይቀዳል። የተጣራና ጋዝ የተሞላ የፋብሪካ ቢራ አገሩን ሲያጥለቀልቅ ይሄኛው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ካምራ የሚባለው የጠጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው እሱን ለማዳን ነው።

ሼፊልድ ለዚህ ትምህርት የታደለ ከተማ ነው። ኬልሃም አይላንድ በሚባለው የድሮ የብረት ፋብሪካዎች ሰፈር ፋት ካት የሚባል መጠጥ ቤት አለ። በ1981 ከየቦታው የመጣ ኤል መሸጥ ጀመረ፤ በ1990 እዚያው የራሱ ትንሽ መጥመቂያ ተከፈተለት፤ የዚያ መጥመቂያ «ፔል ራይደር» በ2004 የብሪታንያ ምርጥ ቢራ ተብሎ ተሸለመ። ከመጠጥ ቤት ጓሮ ተነስቶ እዚያ መድረስ እንደሚቻል ሳውቅ ልቤ ደፈረ።

ሐሙስና እሑድ፣ በእግሬ፣ በቀን ሦስት ግማሽ ፓይንት ብቻ (ፓይንት ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ የእንግሊዝ መለኪያ ነው)፣ በየመሃሉ ውሃ። ከዚያ ካለፈ ምላስ አይታመንም። ደብተሬ ላይ ስሙን፣ የአልኮል መጠኑን፣ ሽታውንና ጣዕሙን እጽፋለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ከጻፍኩ በኋላ ግን አንዱን ቢራ አንድ ቦታ «ግሩም»፣ ሌላ ቦታ «ኮምጣጤ» ብዬ እንደጻፍኩ አየሁ። ኮምጣጤ ያልኩበት ቤት አስተናጋጁን ስጠይቀው ጣዕሙ እንዲህ ነው አለኝ። አልነበረም። በርሜሉ የተከፈተበትን ቀን ባለመጠየቄ የሦስት ወር ጽሑፌ ከንቱ ቀረ።

ምስጢሩን ያሳየችኝ አንዲት የመጠጥ ቤት ባለቤት ናት። ጥያቄዬ ሲበዛባት «ና ውረድ፣ ላቭ» አለችኝ፤ የሼፊልድ ሰው የማያውቀውንም እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራው። ምድር ቤቱ 12 ዲግሪ ነው። በርሜሎቹ በጎን ተጋድመዋል፤ ከላይ ሆዳቸው ላይ አየር የምታሳልፍ ትንሽ የእንጨት ውታፍ ተሰክታባቸዋለች፤ በውታፏ ዙሪያ አረፋ ይወጣል። አረፋውን በጨርቅ ጠረገችና «ቁጠር» አለችኝ። አራት ሳልል ተመልሶ ሞላ። «ይሄ ገና ነው» አለች። ሁለተኛውን ጠረገች፤ ሃያ ቆጥሬም ብቅ ያለው ጥቂት ነው። ያኔ ለስላሳዋን ውታፍ አውጥታ አየር በማታሳልፈው ተካቻት። እናቴ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ጥዳ «ገና ይንጫጫል» ስትል ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ቆምኩ።

አንድ በርሜል 41 ሊትር፣ በሂሳብ 72 ፓይንት ነው፤ ከሥሩ የሚቀረው አተላ ግን አይሸጥም። ቢራው በተቀዳ ቁጥር በቦታው አየር ይገባል፤ በሦስት ቀን ካላለቀ መበላሸት ይጀምራል። የእኔ ዕቅድ አልኮሉ 6.5 በመቶ የሆነ ጥቁር ቢራ ነበር፤ በጣም ኮርቼበት ነበር። ሴትዮዋ «እንዲህ ያለውን ከባድ እኔ ቤት በቀን አሥራ ሁለት ፓይንት ብሸጥ ነው» አለችኝ። ስድስት ቀን መሆኑ ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ የሚቀምሰኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በኮምጣጤ ነበር። ወደ 3.8 በመቶ ወረድኩ፤ ጥቁሩን ለገና ብቻ በግማሽ በርሜል አደረግኩት።

ያላሰብኩት ጉዳይ ደግሞ አለ። ቢራው ቶሎ እንዲጠራ ብዙ ጠማቂዎች ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ነገር ይጨምሩበታል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «በጾም ማን ሊጠጣልህ ነው?» አለችኝ። እዚህ ያለው ደንበኛዬ አብዛኛው ጿሚ አይደለም፤ እኔ ግን ነኝ፣ ጠምቄ የማልቀምሰውን ደግሞ አልሸጥም። ስለዚህ ሳይጠራ፣ ጉሽ እንደሆነ እሸጠዋለሁ። ሁለት መጠጥ ቤቶች በዚህ ምክንያት አልወሰዱኝም፤ ያም ሆኖ አልቆጨኝም።

ለጀማሪ የምመክረው፣ በር እንደተከፈተ ሄዶ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀምሶ እንዳይፈርድ ነው፤ ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ ያደረ ቢራ ነው። ቅቤ ቅቤ የሚሸት ካጋጠመ ብዙ ጊዜ ጠማቂው ቸኩሎ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ያወጣው ነው። ፈቃዱንና የቀረጡን ወረቀት ደግሞ ዕቃ ከመግዛት በፊት መጨረስ ይሻላል።

ዛሬ በሳምንት ስምንት በርሜል ለአምስት መጠጥ ቤቶች እሰጣለሁ። በርሜሉ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ማታ፣ ሳልናገር ገብቼ ግማሽ አዝዛለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንዱ ቤት መኮምጠጥ ጀምሮ ነበር። ቀሪውን መልሼ ወሰድኩ፣ ገንዘባቸውን ሰጠኋቸው፣ በማግስቱም ምድር ቤታቸው ወርጄ አረፋ ስንቆጥር አመሸን።