ፊሽካው አንገቴ ላይ ነበር

እስካሁን ሌሊት ሌሊት ትዝ እያለኝ ትራሴን እነክሳለሁ። ትራፊኩ «የማን ውሻ ነው ይሄ?» አለ። እኔ «እኔ እንጃ» አልኩ። ፊሽካው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ!

ጥፋቱ የፊልሙ ነው። «ዘ ዶበርማን ጋንግ» ይባላል፤ በፈረንጆች 1972 የወጣ የአሜሪካ ፊልም። ስድስት ዶበርማን ውሾች ሰልጥነው ባንክ ይዘርፋሉ። ስማቸው ራሱ የእውነተኞቹ ወንበዴዎች ስም ነው፤ ዲሊንጀር፣ ቦኒ፣ ክላይድ። አይቼ ስጨርስ ወደ ግቢ ወጣሁ። የኛው ቡቺ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ባንክ አልተመኘሁም። ነጠላ ጫማዬን ቢያመጣልኝ ይበቃኝ ነበር። ስሙን ዲሊንጀር አልኩት፤ ዞሮም አላየኝ። ፊሽካ ገዛሁ። አንዴ ሲነፋ ቁጭ፣ ሁለቴ ሲነፋ ወደኔ።

ደመወዙ አጥንት ነው። ድሮ ሥጋ ቤት በነፃ የሚጣልልን አጥንት ዛሬ ይሸጣል። «ለውሻ እኮ ነው» ብለው «ለሾርባ የሚገዛም አለ» ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔ ሾርባ ሳልቀምስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቡቺ ቅልጥም ሲቆረጥም ከረመ።

ግን «ቁጭ»ን እንደ ዳዊት ሸመደደው። ሁለተኛዋ ትምህርት ናት አልገባ ያለችው።

ቅዳሜ ዕለት ይዤው ወጣሁ። ዜብራው መሃል ስንደርስ ትራፊኩ አንድ ሚኒባስ ለማስቆም ፊሽካውን ነፋ። ቡቺ ቁጭ። ትራፊኩ ሊያባርረው ነፋ። ቡቺ ደረቱን ነፍቶ ተስተካክሎ ቁጭ። ደጋግሞ ነፋ። ቡቺ በእያንዳንዷ ፊሽካ አክሱም ላይ እንደተተከለ ሐውልት እየጸና ሄደ፤ ዓይኑም የትራፊኩን ኪስ ይፈትሻል። አጥንቱስ? መኪናው ተደርድሮ ጡሩምባ ያቀልጣል። ወያላው በመስኮት ወጥቶ «ወራጅ አለ!» ይላል።

ያኔ ነው የካድኩት።

«አንገትህ ላይ ያለውስ?» አለ ትራፊኩ።

«የልጄ ነው።»

ልጅ የለኝም። ከኋላዬ የቆሙት የጎረቤታችን እትዬም ይህን ያውቃሉ። «ኧረ መቼ ወለድክ?» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ሁለቴ ነፋሁ። ቡቺ ንቅንቅ አላለም። አቅፌው ተሻገርኩ። ሲከብድ! ያ ሁሉ ቅልጥም።

አሁን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ትራፊኩ ፊሽካውን አንዴ ይነፋልኛል። ጉልበቴ ሳላዘው እጥፍ ይላል።